ውጭ ላለ ሰው አይነገርም

አሰላ ከተመለስኩ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም ቤት የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ውጭ ይሻላል ወይስ አገር ቤት?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁን ሊልክ ያሰበ «ውጭ» እንድለው ይፈልጋል፤ ልጁ ሄዶ የቀረበት ደግሞ «አገር ቤት» እንድለው። ለሁለቱም አጭር መልስ ሰጥቼ ወደ ሌላ ጨዋታ አልፋለሁ። እዚህ ግን እንደ ሙያዬ ለይቼ ልመልስ።

በሰሜን ጀርመን፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አሥራ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ሥራዬ የዘር ምርመራ ነበር። የገብስ ዘር በእርጥብ ወረቀት ላይ እደረድራለሁ፣ ቀኑን እጠብቃለሁ፣ የበቀለውን ካልበቀለው እለያለሁ። ውጭ መኖር የሰጠኝን አልክድም። አገሬ ላይ «ችኮ» ያሰኘኝ ጥንቃቄ እዚያ እንጀራ ሆነኝ። ለምን አላገባሽም የሚለኝ አልነበረም። ቅዳሜን ሙሉ በሬን ዘግቼ ሳነብ ብውል፣ ታማ ይሆን ብሎ የሚያንኳኳ የለም። የቢሮ ሠራተኛ «ነገ ተመለሺ» ካለ ነገሩ በእርግጥ ነገ ያልቃል። ጉዳቱም ሰው እንደሚያስበው ብርዱ አይደለም፤ ጭላሎ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ብርድ ብርቁ አይደለም። ብቸኝነትም ይለመዳል። የማይለመደው፣ ውጭ የሚኖር ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት የሚወስኑለት አገር ቤት የቀሩት ሰዎች መሆናቸው ነው።

በልማዳችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሎች በማለዳ ሄደው፣ ሐዘንተኛውን ከበውና ደግፈው ይነግሩታል። ውጭ ያለውን ማን ይደግፈዋል? ስለዚህ ይደበቃል፤ ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት። በርኅራኄ የተሠራ ልማድ ነው። ወንድሜ ግን ሌላ ሥራ ሠራበት።

አባቴ የታመመው በሚያዝያ ነበር። በየእሑዱ ስደውል ስልኩን የሚያነሳው ታላቅ ወንድሜ ነው። «ጉንፋን ነው፤ አሁን ተኝቷል» አለኝ።

«ልምጣ?»

«ለጉንፋን ይህን ሁሉ መንገድ? ለገና ነይ፤ አሁን ዝናብ ነው።»

ከዚያ በኋላ አባቴ «ጢቾ እህቱ ዘንድ» ሆነ፤ ጢቾ ደግሞ ኔትወርክ የለም። አመንኩ። የሱፍ ካልሲ እየገዛሁ አጠራቅምለት ነበር።

በመስከረም አንድ እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጀርመን አገር ሳይደወል በር አይንኳኳም። በቀዳዳው ባይ የምካፈልበት የሐበሾች የጸሎት ጉባኤ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛዋ፣ በቆጂ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። መሞቱን በሩን ሳልከፍት አወቅሁ። ያላወቅሁት ቀኑን ነበር።

«መቼ?» አልኳቸው።

«ግንቦት ላይ» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። የሞተን ሰው ጤና አራት ወር ሙሉ፣ በየእሑዱ ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

ይህ ልማድ ነው፤ ይቅር ልለው እችል ነበር። የቀረውን የሰማሁት ጠቅልዬ ከገባሁ በኋላ፣ ከጎረቤታችን ነው። ገበያ ላይ ቅመም የምትነግድ፣ ስትቆጣ በኦሮምኛ፣ ስታዝን በአማርኛ የምትናገር ሙስሊም ሴት ናት። ሰዓት አክባሪ በመሆኔ «ጀርመኗ» ትለኛለች።

«ጀርመኗ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ወላሂ ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው። አባትሽ ያን ሁሉ ቀን ሲጠሩሽ ምነው ጨከንሽ?»

«ማንን ሲጠሩ?»

«አንቺን ነዋ! ‹መጣች?› ሲሉ ይውላሉ። ወንድምሽ ‹ከአውሮፕላን ወርዳለች፣ አዳማ ደርሳለች› ይላቸዋል። እኛም በር በሩን ስናይ...» ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ የያዘችውን ፌስታል መሬት አስቀመጠች።

አባቴ የጠራኝ ሊመርቀኝ ነበር። በእኛ ቤት፣ የሚሞት ወላጅ እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ የሚናገረው ቃል ከርስት ይበልጣል። ሁለት ሳምንት ጠበቀኝ። ሲደክመው እጁን በወንድሜ ራስ ላይ ብቻ ጫነ። ወንድሜ ለእናቴ ለብቻዋ «ሥራ አልለቅ አሏት» ስላላት፣ እሷም በልቧ ስትወቅሰኝ ቆይታለች።

ወንድሜን ጠየቅሁት። አልካደም።

«ያጠብኩት እኔ፣ ያገላበጥኩት እኔ» አለኝ። «አንቺ ሻንጣ እየጎተትሽ ትመጪና የመጨረሻዋን ቀን ትወስጃታለሽ? ያቺ የኔ ነበረች።»

ተነስቼ ወጣሁ። ቂም የያዘ ሰው ብዙ አይናገርም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድሜም የውጭ አገር ሰው ሆነ። ልጁ ካናዳ ወሰደችው፤ የልጅ ልጆቹን እየጠበቀ የመኖሪያ ወረቀቱን ይጠባበቅ ጀመር። ሲደውል መጀመሪያ ስለ ቤቱ ሙቀትና ስለ መንገዱ ንጽሕና ያወራል። ከዚያ ድምፁ ይወርዳል፦ «ሰው የለም እኮ፣ እቴ። የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው።»

«ይለመዳል» እለዋለሁ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ታመመች። ሐኪሙ ልቧ እንደደከመና የቀሯት ጥቂት ሳምንታት እንደሆኑ ነገረኝ። በዚያው ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ እዚያ ማለዳ ሲሆን፣ ደወልኩለት።

«ምነው በደህና? በሥራ ቀን?»

«እማዬ እየሞተች ነው። አንተን እየጠራች ነው። ና።»

የሚሰማኝ የሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። «እንዲህ ይነገራል?» አለ በመጨረሻ። «አውቶቡስ ውስጥ ነኝ እኮ። አጠገቤ አንድ የማውቀው ሰው የለም።»

«እንደማይኖር አውቃለሁ።»

«ወረቀቴ ገና አላለቀም። ከወጣሁ መመለስ የለም።»

ይህንንም አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት ደወልኩ። ስንት ማንኪያ አጥሚት እንደዋጠች፣ ትንፋሿ እንዴት እንዳደረ፣ ስንት ጊዜ እንደጠራችው ነገርኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እሱ የነፈገኝን አንድም ሳላስቀር ሰጠሁት።

ነገሩ መጋቢያችን ዘንድ ደርሶ ሊመክሩኝ መጡ። «እህቴ፣ ውጭ ላለ ሰው እንዲህ አይነገርም። ልቡ ይሰበራል።»

«ስለ እውነት የሰበኩን እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው። ጸልየው ሄዱ።

ጎረቤቴ ግን አልተታለለችም። «ጀርመኗ» አለችኝ አጥር ላይ ተደግፋ፣ «አንቺ ይሄን እውነት መናገር ትይዋለሽ። እኔ ዱላ ነው የምለው።»

ልክ ነበረች።

በመጨረሻዎቹ ቀናት እናቴ አማርኛው ጠፍቷት ወደ ልጅነቷ ኦሮምኛ ተመልሳ ነበር። «ዱፌ?» ትለኛለች፤ መጣ? ማለቷ ነው። አንድ ቀን ይህን ስትል የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ትራሷ አጠገብ ይዤው ስለነበር ወንድሜ ሰማት።

«እቴ» አለኝ፣ «መንገድ ላይ ነው በያት። በአባዬ አጥንት! አዳማ ደርሷል በያት።»

በአባቴ አጥንት ባይለምነኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ወደ እናቴ ጎንበስ አልኩና፣ ሁለቱም እንዲሰሙኝ በጉልህ ድምፅ፣ በኦሮምኛ፣ «አልመጣም፣ እማዬ» አልኳት። «ካናዳ ነው ያለው። አይመጣም።»

ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ከዚያ በፊት ከወንድሜ ሰምቼው አላውቅም። ስጠብቀው የኖርኩት ድምፅ ነበር። ከሰማሁት በኋላ ስልኩን ዘጋሁት።

እናቴ አላለቀሰችም። ጥቂት ቆይታ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና፣ ከአልጋው ጎን ማንም በሌለበት፣ የተንበረከከ ሰው ራስ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ዘረጋችው። በስሙ ጠራችው። ከዚያ መረቀችው፤ ቀስ እያለች፣ ትንፋሽ እየወሰደች፣ ለረጅም ጊዜ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃ ነበር። አልነካሁትም። የእኔ ተራ ሲደርስ ጉልበቷ አልቆ ነበርና «አንቺም» ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ዐረፈች።

መሞቷንም በዚያው ቀን፣ በስልክ ነገርኩት።

አሁን በየቅዳሜው ይደውላል። ስለ መንገዱ ንጽሕና አያወራም። «የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር?» ይለኛል።

«መምጣትህን ጠየቀች፤ አለመምጣትህን ነገርኳት» እለዋለሁ።

«ሌላ ምንም አላለች?»

ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም። ይህን ጽሑፍ ግን ያነበዋል፤ ስለ አገር ቤት የተጻፈ ነገር አያመልጠውም። እናታችን እንደመረቀችው ከዚሁ ያውቃል። ቃሉን ሆን ብዬ አልጻፍኩም። እኔ ዘንድ አለ፣ አንዲት ሐረግ አልጎደለችም። መስማት ከፈለገ ወረቀቱ ሲያልቅለት አሰላ ይምጣ፤ እነግረው እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።