ከከንፈር ጀርባ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ቆዳ ላይ ለወጣ ካንሰር ጨረር የምትሰጠው ሴትዮ ድካሙ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል። ባልደረባዋ ከተዛወረ ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ወገብ ተሸክማ፣ ገና ጠዋት ስትገባ "መቼ በመሸልኝ" ትላለች። ማን ይፈርድባታል? ማሽኑ እንኳ ለጥገና እያለ ያርፋል፤ እሷን ማን አስታውሷት።

ከታካሚዎቿ አንዱ ካንሰር የታችኛው ከንፈራቸው ላይ የወጣባቸው ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ጨረሩ ከንፈራቸውን አልፎ ድዳቸውን እንዳይጎዳ፣ ከከንፈራቸው ጀርባ ቀጭን የእርሳስ ብረት ቁራጭ ይገባል። ብረቱ ግን ጉደኛ ነው፤ ጨረሩን ሲያስቀር ከላዩ የሚፈናጠር ነገር አለውና የነካውን ሥጋ መልሶ ያቃጥላል። ስለዚህ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ ያን ፍንጣሪ ያስቀረዋል።

አንድ ቀን የሽማግሌው ቁራጭ ሰሙ ተላጠ። ኮሪደሩ በወረፋ ታጭቋል፤ ሰም ማቅለጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። "ነገ እቀባዋለሁ" ብላ እንዳለ አስገባችላቸው። በነጋታውም እንደዚሁ። ነገ ነገ ስትል ሳምንቱ አለቀ፣ የሽማግሌውም ከንፈር በውስጥ በኩል ተልጦ ቁጭ አለ።

"በቃኝ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ሾርባ እንኳ እንደ እሳት ነው የሚያንገበግበኝ። ገና ግማሹ ይቀራል አላላችሁኝም? ካንሰሩ ይሻለኛል።"

ሐኪሙ "ትንሽ መቁሰል ያለ ነው" ብሎ ቅባት አዞላቸዋል። እውነቱን ነው፣ ያለ ነው። እሷም ከዚያች ቃል ጀርባ መደበቅ ትችል ነበር። ግን ሕክምናውን ካቋረጡ ካንሰሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ከንፈራቸው በቢላ ሊሄድ ነው። አፈረች፣ ፈራችም።

"አባባ፣ እንዲህ ያደረገዎት ሕክምናው አይደለም፤ እኔ ነኝ" አለች። "ሰሙን ሳልቀባ ነው ሳስገባልዎት የሰነበትኩት። ደክሞኝ ነበር። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ። ቁስሉ እስኪደርቅ ይረፉ፤ ግን በሞቴ፣ ይመለሱ።"



"መሪ ይዞ ማንቀላፋት መሆኑ ነው እንግዲህ" አሉ ሽማግሌው። "እኔንም አግኝቶኝ ያውቃል። ያኔ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቶ ስለነበር ያየኝ የለም።" ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ እመለሳለሁም አልመለስምም አላሉ።

ቁስሉ ሲደርቅ መጡ። ነገር ግን አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡና "እስቲ አምጪው" ብለው ቁራጩን ይቀበላሉ፤ ሰሙን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ይዳስሳሉ። በየቀኑ እንዲህ ነው። እሷም መጀመሪያ ሰሞን ፊቷን አዙራ ነበር የምትሰጣቸው፤ ኋላ ግን ሳይጠይቋት ማቀበል ጀመረች።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ገቡ። "ዛሬ ተሳፋሪውም ይተኛ። አምኜሻለሁ" አሉና ወንበሩ ላይ ተደላድለው አፋቸውን ከፈቱ።

እሷ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ቁራጩን ወደ አፋቸው ካስጠጋች በኋላ እጇን መለሰች።

"አይሆንም አባባ፣ ይነሱና ይታጠቡ" አለች። "ይዳስሱልኝ። ዛሬም ደክሞኛል።"