የሥዕሉ ቀሪ ክፍል

የተያዝኩት ባጃጅ ውስጥ ነው። ጭኔ ላይ የኤግዚቢሽን ጥሪ ወረቀቶች ነበሩ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ገብተው ተቀመጡና ሾፌሩን በሌላ መንገድ ንዳ አሉት።

እስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ትከሻ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። የቀለሙ መስመር በሩ ጋ ሲደርስ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል።

ሶዶ ውስጥ ለጥቂት ሠዓሊዎች የሕዝብ ግንኙነት ሥራ እሠራ ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ ከስልኬ ነው የተማርኩት። ሰው ለሥዕል ብሎ ከቤቱ አይወጣም፣ መጓጓት አለበት ብዬ አንድ ሥዕል ቆራረጥኩ። ሥዕሉ ዱንጉዛ የሚባለውን የባህል ልብስ ለብሶ እንሰት የሚተክል ሽማግሌ ነው። እኔ ግን ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩት የልብሱን ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመሮች ብቻ ነበር፤ በየቀኑ አንድ ቁራጭ። የሠዓሊውን ስም ለማጓጓት ደበቅኩ። ከሥር "ቀሪውን ቅዳሜ ታያላችሁ" ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሰሞን ከተማው ስለ ሰልፍ ያወራ ነበር። ጽሑፌ የሰልፍ ጥሪ እንደሚመስል አላሰብኩበትም።

መርማሪው ስልኬን ወደ እኔ አዞረ። "ቅዳሜ ምንድነው የምናየው?"

"ሽማግሌ።"

"ለሽማግሌ ነው ይሄ ሁሉ ምስጢር? ማነው የሣለው?"

"ሙሉውን ሥዕል ላሳይዎት እችላለሁ።"

"ሥዕል አልጠየቅኩህም። ሰው ነው የጠየቅኩህ። የት ነው ያለው?"

ሠዓሊዋ የነበረችው ዱቦ የምትባል መንደር ነው፤ የምታጠባው ልጅ አላት። መርማሪዎቹ ግን ሁሉም "እሱ" ነበር የሚሉት። ስህተት አይቼ ሳላርም ያለፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እስር ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ።

"ብላ እንጂ ወንድሜ። ሆድህ ምን አጠፋ? ያ ሠዓሊ ጓደኛህ ግን ስንቅ እንኳ አያመጣም? ሩቅ ነው እንዴ?"

ጫማውን አየሁ። እኛ የጫማ ገመዳችንን በር ላይ አስረክበናል። የእሱ ታስሯል።

"ቦዲቲ ነው ጋሼ" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጎልማሳው ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከሰዓት በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ገፍተው አስገቡ። ቦዲቲ ውስጥ የሱቅና የባጃጅ ጽሑፍ የሚጽፍ ነው።

"ሠዓሊ ነህ አሉኝ" አለ። "እኔ የምጽፈው 'ትኩስ ዳቦ አለ' ነው። ትኩስ ዳቦ ምን አጠፋ?"

ጫማው ገመድ የለውም። ግን ፖሊሶቹ ያንንም ተምረው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥፍሩን አየሁ። ቢጫ ቀለም፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር። ቀለም በአንድ ቀን እንዲህ አይደራረብም።

ስለ ገመዱም፣ ቦዲቲ ስላልኩትም ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተነስቼ በሩን መታሁና መርማሪውን ጥሩልኝ አልኩ።

"ቦዲቲ ያልኩት ውሸት ነው። ይህን ሰው አላውቀውም።"

"እንግዲያው እውነቱን ንገረኝ።"

"ይኸው ነገርኩዎት። የሠዓሊውን ስም ግን አልናገርም።"

ቃሌን ጽፎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ተጠርጣሪው የሠዓሊውን ስም ረስቻለሁ ብሏል" ይላል።

"ረስቻለሁ አላልኩም" አልኩት። "አልናገርም ነው ያልኩት። ይስተካከልልኝ።"

"ይሄ እኮ ላንተ የሚሻል ነበር፣ ሞኝ።"

"ትክክል አይደለም።"

ሰርዞ እንዳልኩት ጻፈው። ፈረምኩ። የቦዲቲው ሰውዬ የዚያኑ ቀን ተፈታ። እኔ የወጣሁት ቅዳሜ ካለፈ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ዘንድሮ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ነው። ሥዕል መቁረጥ ትቻለሁ፤ ሙሉውን ነው የምለቀው። ታፔላውን ለማጻፍ ባለፈው ሳምንት ቦዲቲ ሄድኩ። ሰውዬው ቆርቆሮውን ለካ።

"የሠዓሊዋ ስም…" ስል ብሩሹን ከፍ አደረገ።

"በአፍህ አትንገረኝ። ወረቀት ላይ ጻፍና አስቀምጥ።"

ስሟን ሙሉውን ጽፌ ከቀለም ጣሳው አጠገብ አስቀመጥኩ። ዝቅ ብሎ ጫማዬን አየ።

"አንተም ገመድ አለህ" አለ።

ሁለታችንም ሳቅን። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል፣ ወረቀቱ ሳይነካ እዚያው ካስቀመጥኩበት ነበር። ስሟን ሲያነብ እንዳላየው እስክርቅ እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝ። ፈጠን ብዬ ሄድኩለት።