ከላይም ከታችም እሳት

ልጄ የሐሞት ጠጠር አለባት ተብላ ከሐኪም ቤት ከተመለሰች ወዲህ እህል ፈርታ ነበር። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ቅባት እንዳይነካት ሐኪሙ አጥብቆ አዞናል። አንድ ጊዜ ብቻ ከወጥ ጋር ትንሽ ቅቤ ቢገባባት፣ ከቀኝ ጎኗ ይዟት ስትንቆራጠጥ ዋለች። ከዚያ በኋላ ምንም ባቀርብላት መልሷ «እማ፣ ይቅርብኝ» ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአንገቷ አጥንት ቀን በቀን ሲወጣ አያለሁ።

አንድ ሰኞ ግን አልጋዋ ላይ እንዳለች «ፓስታ ፎርኖ አማረኝ» አለችኝ።

ፎርኖን የለመድኩት በልጅነቴ ሆቴል ሳህን ሳጥብ ነው። ቅቤው፣ በቅቤ የተለወሰው ነጭ ሶስ፣ ፎርማጆው፣ ሁሉም ለእሷ መርዝ ነው። እምቢ ብላት ደግሞ ዳግመኛ ምግብ አማረኝ ላትል ትችላለች። ስለዚህ ዘዴ ፈለግሁ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረግሁ አቁላላሁት። የሥጋውን ጮማ ለቅሜ ቀዩን ብቻ አደቀቅሁ። ወተቱን አፍልቼ አቀዘቀዝኩና ስልባቦቱን ገፈፍኩት፤ ድንችና ዝኩኒ ቀቅዬ ጨፍልቄ በእሱ አቀጠንኩ። ነጩ ሶሴ ይኸው ሆነ። በፎርማጆው ፈንታ ዐይብ አደረግሁ። ቅቤው ተንጦ ከወጣለት አሬራ አይደል የሚወጣው። ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ይህ ትንሽ ብልሃት አይደለም ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ኦቨን የለኝም። በእኔ ቤት ፎርኖ የሚበስለው ድስቱን ከሰል ላይ ጥጄ፣ ክዳኑ ላይም ፍም ቆልዬ ነው፤ ከላይም ከታችም እሳት። ያን ቀን በሐምሌ ዝናብ ማድ ቤቴ ያፈስ ስለነበር ከሰሉን ልጄ የተኛችበት ክፍል አስገባሁት። ከዘጠኝ ሰዓት አላለፈም፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ሕመምተኛ ነፋስ እንዳይመታው መስኮቱን ዘጋሁ፤ የበሩን ሥር በጆንያ ወተፍኩ።

ፎርኖው መሽተት ጀመረ። ልጄም ጆሮዋን ወደ በሩ ሰጥታ፣

«እማ፣ ማን ነው የሚያንኳኳው?» አለችኝ።

አዳመጥኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ ነው።

«ማንም የለም።»

«አለ እንጂ። ቀስ ብሎ ነው የሚመታው።»

ድመታችን ከአልጋው ሥር ወጥታ በሩን ቧጠጠች። ከዚያ ጆንያው ላይ ተኛች። ልጄ ሳቅ አለችና «ምነው ሁለት ሆንሽ?» አለችኝ። የምታየው እኔን አይደለም፤ ከትከሻዬ ኋላ ነው። ዞር ብዬ አየሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጋቢ ነበር። እያየሁት ጋቢው እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ አለብኝ። ከሰሉ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ምላሶች ይላወሳሉ። ራሴን በገመድ ያሰሩኝ ያህል ጠበበኝ።

ልጄን ሊወስድ የመጣ ነገር አለ፣ በሩ ላይ ቆሟል ብዬ አመንኩ። ጸበል ረጨሁባት። ከዚያም ተነሥቼ መቀርቀሪያውን ቀረቀርኩ።

ወዲያው እውነተኛ ማንኳኳት መጣ።

«እሳት ልጭር ነው፤ ክፈቺልኝ» አለ ድምፁ። የጎረቤቴ ድምፅ ነው። ክፉ ነገር የምናውቀውን ሰው ድምፅ ይዞ ይመጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከበሩ ርቄ ልጄ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኧረ ድስቴን ጥጄ ከሰሌ ሞተብኝ። ሁለት ፍም ብቻ።»

ልጄን አየኋት። ዓይኗን ከድናለች።

«እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ፎርኖሽ መንገድ ድረስ ይጣራል። አልበላብሽም፣ አይዞሽ። ይኸው በስተርጅና እሳት የሚነፍግ ጎረቤት አየሁ።»

ይኼኛው ነገር ወጋኝ። እኔ እሳት ነፍጌ አላውቅም። እንዲህ የምትለኝ ጎረቤቴ እንጂ ሌላ አይደለችም አልኩ፤ ሌላም ብትሆን ስስታም መባሉ ከፍርሃቱ ባሰብኝ። ልነሣ ብል ቤቱ ዞረብኝ። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ደርሼ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ጎረቤቴ ገብታ አንዴ ተነፈሰችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣለች። «አንቺ ሴት፣ ከሰል እኮ ነው ያፈናችሁ» አለች። ልጄን በብብቷ ይዛ ጎትታ ደጅ፣ የጣራው ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር አወጣቻት።

«ነፋስ ይመታታል» አልኩ፤ ምላሴ ተሳስሯል።

«ይምታት» አለችኝ።

ልጄ አስታወከች፤ ከዚያ ረጅም አየር ሳበች። ያን ትንፋሿን እስክሞት አልረሳውም። ድመቷ ግን ከጆንያው ላይ አልተነሣችም።

የፎርኖው ላዩ ከሰል ሆኗል። በማግስቱ ቅርፊቱን ገፍፌ ውስጡን አቀረብኩላት። ሦስት ጉርሻ በላች። እስከ ማታ ጎን ጎኗን ሳይ ዋልኩ፤ አልያዛትም። አሁን በሳምንት አንዴ ፎርኖ ሥሪልኝ ትለኛለች፤ ፊቷም ትንሽ ሞላ ብሏል።

የምሠራው ደጅ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ቆሜ ነው። ዝናቡ ጀርባዬን ሲመታኝ «እማ፣ ምን ያስቀጣሻል? ግቢና ሥሪ» ትለኛለች። ስለዚያ ቀን የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው ሲያንኳኳ ሄደሽ ከፈትሽልኝ» ትላለች። አዎ እላታለሁ። በሩን የቀረቀርኩትም እኔው መሆኔን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።