ልጄን ለብቻዋ ያናገረቻት ጠያቂ

የመጀመሪያ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ከወደቀች ወዲህ አፏን ዘጋችብኝ። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ትሠራለች፤ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ምን ሆነሻል ስላት «ምንም» ነው። አንድ ቀን አንሶላ ስቀይር ፍራሿ ሥር አራት ጉርድ ፎቶ አገኘሁ። ለፓስፖርት ነው አልኩ። የጎረቤቴ ልጅም ዐረብ አገር የሄደችው ለእናቷ ሳትነግር ነው። ፎቶውን መልሼ አስቀመጥኩት። ብጠይቃት ይብሱን ለመሄድ የምትቸኩል መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ ገርጂ ኮንዶሚኒየማችን መጣች። እናትና ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው የምታጠናው። መጀመሪያ እኔን ያዘች።

«በሳምንት ስንት ቀን አብራችሁ ትበላላችሁ?»

«ሁልጊዜ» አልኳት። ገመናዬን ለእንግዳ ላወጣ ነው?

ቀጥላ ልጄን ለብቻዋ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ደንቡ ነው አለችኝ፤ እናት እንዳትሰማ። አንድ ሰዓት ሙሉ ልጄ አወራች። ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም። በኋላ ለቅሶ ሆነ። እኔ ድስት አነሣለሁ፣ ድስት አስቀምጣለሁ።

ጠያቂዋ ስትወጣ ደረጃው ጋ ደርሼ እጇን ያዝኩ።

«የኔ ልጅ፣ ምን አለችሽ?»

«መናገር አልችልም እትዬ። ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ሌላውን ተይው። ልትሄድብኝ ነው? ይህችን ብቻ።»

«እርስዎ ቀስ ብለው ይጠይቋት። እኔም በወሩ እመለሳለሁ፤ የቀረውን ያን ጊዜ እነግርሻለሁ ብላኛለች።»

አንገቷ ላይ ማተብ አይቻለሁ። «በማርያም ይዤሻለሁ!» አልኳት። በማርያም የተያዘ ሰው ዝም ማለት እንደሚከብደው አውቄ ነው።

ፊቷ ተለወጠ። «ኧረ እንዲህ አይያዙኝ፣ በእናትዎ» አለች። ልትናገር ከንፈሯ ሲላወስ ዓይኗ ከኋላዬ ሄደ። ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች።

«እሷንም እማ?» አለችኝ። «አንድ የማወራው ሰው ባገኝ፣ እሷንም?»

ወሩ ሲደርስ ጠያቂዋ ደወለች። «እትዬ፣ ልጅዎ ከእንግዲህ አልናገርም ብላለች።»

«እኔ ልለምናት?»

«አይሆንም። እሷ ካልፈለገች እዚህ ላይ ነው የምናቆመው።»

የቀረው ከልጄ ጋር ቀረ። እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ መስኮት ላይ ቆሜ ቦርሳዋን በዓይኔ እመዝናለሁ።