መኪናው ሲሄድ የሚቀር ጥላ

ሰመራ መግቢያ ላይ አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ምሳውን በልቶ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ሊነሣ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ እንዳደረገ ወደ ኋላ ዞር አለ። በተሳቢው ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጠው ሸጊቱ ፔርሙሶቿን ደርድራ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ካርቶን ላይ ሕፃን ልጇ ተኝቷል። ሹፌሩ እግሩን አወረደና ተመልሶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ሻይ ድገሚኝ።»

«ኧረ ባንተይርጋ፣ አሁን አይደል እንዴ የጠጣኸው? ጅቡቲ ያለው ዕቃስ?»

«ዕቃ አይራብ፣ አይጠማ። ቅጂ ይልቅ፤ ስኳሩንም አትሰስቺ።»

እየነፋ፣ እያቆየ ጠጣ። ሕፃኑ ነቅቶ እናቱ ስታቅፈው ነው ብድግ ብሎ ሞተሩን ያስነሣው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥላውም አብሮት ሄደ፤ ሸጊቱ ልጇን በነጠላ ሸፍና፣ ፔርሙሶቿን ሰብስባ፣ ሌላ የቆመ መኪና ፍለጋ ተነሣች።

እኔ ወደ ሱቄ የሚወስደኝን ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። እንዲህ ያለ ደግነት አይቶ ለማለፍ መታደልም የፈጣሪ ስጦታ ነው። ከጎኔ የቆመች አንዲት ወጣት ሻርፗን ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

«አቧራ ገባብሽ እንዴ ልጄ?» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ አቧራ አይደለም» አለችኝ።

ኑርሀያትን ያወቅኋት እንዲህ ነው። የቀረውን ከዚያ ወዲህ ከራሷ አንደበት ቀስ በቀስ ሰማሁት።

ኑርሀያት ያደገችው አዋሽ ነው። አባቷን አታስታውሰውም። እናቷ ኡሙሀኒ ከወሎ የመጡ፣ ምግብ ቤትና ጥቂት የመኝታ ክፍሎች ያሏቸው ብርቱ ሴት ናቸው። ልጅቷ ከየአገሩ ከተውጣጡ ተማሪዎች ጋር ዘላቂ የከተማ ንድፍ በማስተርስ እንድትማር ዕድል ባገኘች ጊዜ፣ እናቷ ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ ፎቅ መሥራት ልትማር ባሕር ተሻገረች» አሉ። የትምህርቱ ደንብ የመጀመሪያውን ዓመት ጀርመን አገር መማር፣ በሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ አገሩ ተመልሶ አንድ ከተማ ማጥናት ነበር።

ጀርመን የመጀመሪያ ሥራቸው ለአንዲት ትንሽ ከተማ አደባባይ መንደፍ ሆነ። ኑርሀያት ለፍታ ነደፈች። ወንበሮቹን ሁሉ ከግንብና ከዛፍ ሥር ደበቀቻቸው፤ ፀሐይ የሚያርፍበት መሃሉ ባዶ ቀረ። እናቷ ቤት ደንበኛ የሚሻማው የጥላውን ወንበር ነዋ! መምህሯ ሥዕሉን ሲያይ ቆየና፣ «እዚህ እኮ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ፍለጋ ነው» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ማደሪያዋ ስትገባ ግን ሳቋ አለቀ። ያን ሰሞን ፀሐይ የሚባል አልታየም፤ መንገድ ላይ ስትሄድ የራሷ ጥላ እንኳ አብሯት አልነበረም። ረመዳን ሲገባም በቴምርና በውኃ ብቻዋን አፈጠረች። የጎረቤት ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ኮሎምቢያዊት ሾርባ ይዛላት የመጣች ቀን ግን ሁለቱም አለቀሱ። «ዱዓ ሳደርግ እሷን ሳልጠራ አላልፍም» ትላለች።

ለሁለተኛው ዓመት ሰመራን መረጠች። ክፍል ተከራየች። የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ቀን ቀን እየዞረች የየመንገዱን ጥላ ትለካለች፤ ሻይ ሻጮቹ «ጥላ ለኪዋ መጣች! ያ ሜትር አያልቅብሽም?» እያሉ ያሾፉባታል። በየሳምንቱ ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር በስክሪን ትገናኛለች፤ ስክሪኑ ሲዘጋ ክፍሏ ከበፊቱ ይልቅ ጭር ይላል። ያኔ ወደ አዋሽ ትደውላለች።

«ዛሬስ ምን ሠራሽ?» ይላሉ እናቷ።

«ጥላ ስለካ ዋልኩ፣ እማ።»

«ጥላ! አላህ በነጻ የሰጠውን ጥላ ልትማሪ ነው ባሕር የተሻገርሽው? እኔ እዚህ ለሰዉ ፎቅ ትሠራለች እያልኩ! ነይና ይልቅ ይህን ቤት ያዢልኝ፣ እየደከምኩ ነው።»

«እማ፣ እስኪ ላስረዳሽ…»

«ደንበኛ ጠራኝ፣ ቻው።»

ሥራውም አልሄደላትም። የቤቱንና የዛፉን ጥላ አንድ በአንድ ካርታ ላይ አስፍራለች፤ ሰዉ ግን ካርታው ላይ የለም። መምህሮቿ «ታዲያ ሰዉ የት ነው የሚቀመጠው?» ባሏት ቁጥር መልስ ታጣለች። የመጨረሻው ግምገማ እየቀረበ ሄደ። ያን ቀን ባንተይርጋ እግሩን ከመወጣጫው ሲያወርድ ነው መልሱን ያየችው። ሰዉ የሚቀመጠው የጅቡቲ መንገድ አምጥቶ በሚወስደው ጥላ ሥር ነበር። የመኪና ጥላ ለክታ አታውቅም፤ ይሄዳል ብላ ትታዋለች።

ያለቀሰችው ግን ለዚህ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት አክስቷ፣ «አንቺ እኮ ያደግሽው የከባድ መኪና ሆድ ሥር ነው» ብለዋት ነበር። እናቷ አዋሽ ከመግባታቸው በፊት በዚሁ በጅቡቲ መንገድ ዳር ባለችው ዲቾቶ በፔርሙስ ሻይ ይሸጡ ነበር፤ እሷን ካርቶን ላይ አስተኝተው፣ መኪና በተነሣ ቁጥር እያቀፉ፣ ከጥላ ወደ ጥላ እየዞሩ። ኑርሀያት ስትጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ። እኔ ሜዳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም።

ንድፏ ቀላል ነው። መኪኖች በሚቆሙበት ቦታ የአንድ ተሳቢ ያህል ርዝመትና ከፍታ ያለው፣ ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ዳስ፤ መኪናው ሲሄድ የሚቀር ጥላ። ለሸጊቱ ስታሳያት፣ «ፔርሙስ የማስቀምጥበት የለውማ! አንቺ ሻይ ሸጠሽ አታውቂም ማለት ነው» አለቻት። መደርደሪያ ተጨመረ። የመመረቂያ ሥራዋ መክፈቻ አንድ ሥዕል ነው፤ ፔርሙስ የያዘች ሴት፣ ተሳቢ፣ ካርቶን ላይ የተኛች ሕፃን። ከሥሩ «እናቴ፣ ዲቾቶ» ይላል።

ያ ሥራ ከዓመቱ የመመረቂያ ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። ውጤቱ በስክሪን ሲነገር ከየጓደኞቿ ጀርባ ቤተሰብ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ከእሷ ጀርባ የኪራይ ክፍሏ ግድግዳ ብቻ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስክሪኑን ዘጋች። ከዚያ የምትነግረው ሰው ስታጣ መንገድ ወጥታ ለሸጊቱ ነገረቻት፤ ሸጊቱም ነገሩ ሳይገባት እልል አለችላት።

ባለፈው ሰኞ ሱቄ መጣች። ሥራዋ እዚሁ ሰመራ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ሊታይ ነው፤ እናቷም «ፎቅሽን ላየው እመጣለሁ» ብለው ቆርጠዋል። እኔ ዕቃ ላመጣ አዋሽ ስሄድ ምሳ የምበላው እሳቸው ቤት እንደሆነ ታውቃለች።

«ያንን ሥዕል ድንገት ሰው ፊት ካየችው ያማታል፣ ጋሼ» አለችኝ። «አንሺው ካለችኝ አነሣዋለሁ፣ ወላሂ። ግን ለምን እንደ ሣልኩት ቀድማ ትወቅልኝ። እኔ ስጀምርላት ስልኩን ትዘጋዋለች። እርስዎን ግን ምሳዎን አቅርባ ታዳምጥዎታለች።»

«እሺ፣ ምን ብዬ ልጀምርላቸው?»

ውጭ አንድ ተሳቢ እያጓራ አለፈ። እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ስለ እኔ አይጀምሩ» አለች። «ስለ አንደኛነቱም ይቅር። መጀመሪያ ስለዚያ ሻይ ስለደገመው ሹፌር ይንገሩልኝ። ለእሷም ያኔ ዲቾቶ ሳለች እንዲህ የደገመላት አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም።»