በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያልፈው መንገድ

የልጄ ባል ሰሎሞን ሰሞኑን አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ መጣ። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የሱዳኗ ገዳሪፍ ከየአቅጣጫው በተሰደደ ሰው ተጨናንቃለች፤ ነዳጅ ጠፍቶ፥ ራክሻ የምንላት ባለ ሦስት እግር ታክሲም ለቀን ሠራተኛ የማትቀመስ ሆናለች። እሱ የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ደግሞ ከከተማው ማዶ ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የስልኩን ካርታ በጣቱ ወዲያና ወዲህ ሲጎትት ቆየና፥

«አባባ፥ አስፋልቱን ካሚዮን ሞልቶታል፤ ገበያው ደግሞ መላወሻ የለውም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያልፈው ግን ጸጥ ያለ ነው። ከላስ፥ በቃ፥ በዚያ እሄዳለሁ» አለኝ።

የያዝሁትን የከርከዴ ሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ያን መንገድ፥ ካርታ በእጃችን ሳይኖር፥ እኔና ጌጡ በወጣትነታችን መርጠነው ነበር።

ያን ጊዜ ከቅኔ ቤት የወጣሁ ዲያቆን ነበርሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር ቆላ ወርጄ፥ አጨዳው ሲያልቅ ከአንድ ዘይት መጭመቂያ ተቀጠርሁ። ዐይኑን በጨርቅ የተሸፈነ ግመል ከንጋት እስከ ምሽት መጭመቂያውን ይዞራል፤ እኛ ፋጉሎውን እያወጣን እንከምራለን። ጌጡ የመተማ ሰው ነው፤ ጆንያ ተሸካሚ፥ ሳቂታ፥ ትከሻው እንደ በሬ። በእርሻ ወሰን ጠብ ሰው ገድሎ፥ የሟች ወገኖች እርቅ አንቀበልም ስላሉት ድንበር ተሻግሮ መጣ። የመጭመቂያው በር ፀሐይ ስትወጣ ይዘጋል፤ ተዘግቶ ያገኘው ሰው ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ቤታችን በከተማው ደቡብ ዳር ስለ ነበር ሁለታችንም አሮጌ ብስክሌት ገዛን።

የሚያስፈራን ግን መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ካሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ አለ፤ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ ለቅመው በካሚዮን ጭነው ድንበሩ ላይ፥ ገላባት ድልድይ ላይ ያራግፉታል። ለእኔ ያ ባዶ እጄን አገር መግባት ነበር። ለጌጡ ሞት ነበር።

ስለዚህ አንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ከተማውን በእግራችን ዞርነው። እኔ ርቀቱን በጸሎት እለካ ነበር፤ ከቤታችን እስከ ደረቁ ወንዝ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ያልቃል፥ ከወንዙ እስከ መጭመቂያው አቡነ ዘበሰማያት ተደጋግሞ ይደርሳል። አስፋልቱን ተውነው፤ ሰሊጥ የጫነ ካሚዮን ለብስክሌት አይመለስም። በገበያው በኩል ፖሊስ ጣቢያ አለ። በእህል ጎተራው ግንብ ሥር ያለው መንገድ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ከጎማው ጋር ተጣብቆ ብስክሌቱን ሰው ይሸከመዋል። ጠጠር የለበሰው፥ ፖሊስም ካሚዮንም የማይታይበት፥ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የሚያልፈው ብቻ ሆነ።

«በደጁ ስናልፍስ?» አለኝ ጌጡ።

በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው፥ የቱንም ያህል ቢቸኩል፥ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ አልፎ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። ጌጡ የጠየቀኝ እንደ ተማረ ሰው ነበር፤ እንደ ተማረ ሰውም መለስሁለት።

«ጊዜው የመከራ ነው። በልብ መሳለም ይበቃል። ከወረድህ ሐበሻ መሆንህን መንገደኛው ሁሉ ያውቅብሃል።»

«ዲያቆኑ ፈቀደልኛ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «አንተ ንጹሕ ነህ፥ ተቀምጠህ ብታልፍም እግዚአብሔር ያውቅሃል። እኔ ደም ያለብኝ ሰው በምን ፊቴ ተቀምጬ አልፋለሁ?»

ክረምቱን ሁሉ እንዲሁ ሆነ። እኔ ራሴን ዝቅ አድርጌ አልፋለሁ፤ እሱ ይወርዳል፥ ግንባሩን ከበሩ ምሰሶ ያስነካል፥ ሮጦ ይደርስብኛል። ከብስክሌቱ እጀታ ላይ ያሰረው ቀይ ክር በነፋሱ ሲርገበገብ ዛሬም ይታየኛል።

የመጭመቂያው ወኪል አያሌው ይባላል። አባቱ የጎንደር ሰው ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ወረቀት ያለው ነበር። ቁርስ ላይ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል ከበን ስንበላ፥

«ጌጡ፥ ዛሬም ላብ በላብ ነህ። ምን ስታደርግ ቆየህ?» ይለዋል።

«ተሳልሜ ነዋ፥ ጋሼ።»

«አይ ሐበሻ! ከበቅሎም ከብስክሌትም ይወርዳል!» ብሎ ይስቃል። አብረነው እንስቃለን።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት፥ ጠዋት፥ ከደጁ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሴት ዘንድ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሻያቸውን አልነኩትም። እኔ እንደ ልማዴ ራሴን ዝቅ አድርጌ አለፍሁ። ወዲያው ከኋላዬ ብስክሌት ሲወድቅ ሰማሁ። ዘወር ስል ጌጡ ግንባሩ ከምሰሶው ላይ እንዳለ አንደኛው አንገቱን ይዞታል፤ ሌላው፥

«ተወው፥ ተወው፥ ጸሎቱን ይጨርስ!» በዐረብኛ እያለ ይስቃል።

ጌጡ ቀና ሲል ዐይናችን ተገጣጠመ። እንደማያውቀኝ ሆኖ፥ እሱም በዐረብኛ፥ «አንተ ሰውዬ፥ ምን ቆመህ ታያለህ? መንገድህን ሂድ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ከመጭመቂያው ስደርስ በሩ አልተዘጋም ነበር። አያሌው ደጁ ላይ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

«ጌጡ ተያዘ» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጡ፥ መሮጥ አያስፈልጋችሁም፥ ራሱ ወርዶ ይቆምላችኋል አልኋቸው ለፖሊሶቹ። አንተንም ጠብቀውህ ነበር።» መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ዲያቆን፥ አንተ ለምን አልወረድህም?»

ከጀርባው የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ። ቀትር ሳይሆን የአያሌው ሚስት ወንድም በጌጡ ቦታ ጆንያ ይሸከም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከድንበሩ መንገድ፥ ከዶካ የመጣ የካሚዮን ነጂ ወሬውን አመጣው። የሟች ወንድሞች የካሻ ካሚዮን በመጣ ቁጥር ከድልድዩ ማዶ ይቀመጡ ኖሯል፤ የሚራገፈው ሰው ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። «ጌጡ መተማ ገበያ ድረስ እንኳ አልደረሰም» አለን ነጂው፥ ዳቦውን በፉሉ እያጠቀሰ። ብስክሌቱን የአያሌው አማች ይነዳው ጀመር። ቀዩን ክር አልፈታውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የመለስሁለት ትክክል ነበር። በመከራ ጊዜ የልብ ስግደት ይበቃል። ይህን አሁንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እላለሁ። ነገር ግን ትክክል የተናገርሁት እኔ በአልጋዬ ላይ አርጅቻለሁ፤ የወኪሉም ጥያቄ አብሮኝ አርጅቷል።

ሰሎሞን ስልኩን ዘግቶ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ እኮ ወረቀት አለኝ፥ አባባ።»

«ወረቀት እዚህ አገር እንደ ዝናብ ወቅት አለው፥ ልጄ። በአስፋልቱ ሂድ። ካሚዮን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅህም።»

ስልኩን ኪሱ ከተተው። «እርስዎስ ነገ ለኪዳን በየት በኩል ይሄዳሉ?»

«በዚያው» አልሁት። «ራክሻዋን ከደጁ ራቅ አድርጌ አስቆማለሁ። ጉልበቴ እንደ ፊቱ አይደለም፤ ነጂዎቹም ይቆጣሉ። እኔ ግን እወርዳለሁ።»