ጾም የገደፈው ራዲያተር

ወዳጆቼ፣ ከባድ ዜና ይዤ መጥቻለሁ። ቁጭ በሉ። ነጠላችሁንም አዘቅዝቁ። በቢቸና ዙሪያ ስንቱን ወላድ፣ ስንቱን በግ፣ ስንቱን የዳስ እንጨት ተሸክማ የኖረችው የአጎቴ አሮጌ የመስክ መኪና ባደረባት ድንገተኛ የራዲያተር መሰንጠቅ...

እሺ፣ አልሞተችም። ግን ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ሞጣ ስንሄድ ብታዩዋት ፍታት ታስደርጉላት ነበር።

የሄድነው ለሽምግልና ነው። ታላቅ ወንድሜ መላኩ፣ የሺ የምትባል የሞጣ ልጅ ወዶ እህል መቅመስ ካቆመ ሰንብቷል። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ማንም አላወቀበትም እንጂ። አባቷ በመጀመሪያው ጊዜ «እንመክርበት» ብለው ሽማግሌ መለሱ፤ ለቅዳሜም ከቀትር በፊት ቀጠሩ። ቀጠሮ ያፈረሰ ሽማግሌ ዳግመኛ ደጃቸውን እንደማይረግጥ ደግሞ አስቀድመው ተናግረዋል።

ሽማግሌዎቹ አጎቴ ጋሼ ውብሸት፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ እና... እኔ ነን። አትሳቁ! ሦስተኛው ሽማግሌ ወገባቸውን አሟቸው ቀሩ፤ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይሄድም። ጋቢ አልብሰው ጫኑኝ። ጢሙ ባይኖረኝም ኩራቱ ነበረኝ።

መንገድ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት አየሁ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እያጤሰች ነው።»

«ዛሬ ቀልድ የለም ብዬሃለሁ!»

«ኧረ እውነቴን ነው!»

«ባለፈው ጎማው ወልቋል ብለህ ያስወረድከኝ አነሰህ? ሽማግሌ ነህ ዛሬ፣ እንደ ሽማግሌ ተቀመጥ!»

እንደ ሽማግሌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ሄደን መኪናዋ ራሷ ቀጥ ብላ መሰከረችልኝ።

ኮፈኑን ስንከፍት ራዲያተሩ በጎኑ ተሰንጥቆ ውሃው ይንዠቀዠቃል። እስኪበርድ ጠብቀን ከወንዝ ቀድቼ ብሞላው፣ በላይ የገባው በጎን ይወጣል። የመላኩ ስልክ ደግሞ አያርፍም።

«ደረሳችሁ?»

«እየቀረብን ነው» አልኩት። ወደ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አጎቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል።

እኔ ፊዚክስ የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ እሱንም መስኮት መስኮቱን እያየሁ። ግን የቢቸና መናኸሪያ ሾፌሮች ሲያወሩ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ራዲያተር ሲያፈስ እንቁላል ከጨመሩበት፣ የፈላው ውሃ እንቁላሉን ያበስለውና ስንጥቁን ይደፍነዋል። እንደ እድል አንዲት እናት እንቁላል በገለባ አድርገው ወደ ገበያ ሲሄዱ ደረሱልን። በጾም የሚገዛ ጠፍቶባቸው ኖሮ ሲያዩን ፊታቸው በራ። ቀጥሎ የመሪጌታን ጥምጥም አዩና ደነገጡ።

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለመኪናዋ ነው እማማ። ርቧት መንገድ ላይ ወደቀችብን።»

አማተቡና ሸጡልን። መሪጌታም ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው «እኔ ምንም አላየሁም» አሉ።

እየሰበርኩ ጨመርኩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ውሃው ፈላ፣ የሚፈሰው ቀነሰ... ቀጠነ... ቆመ! አጎቴ ግንባሬን ሳመኝ። ከተወለድኩ እሱ ከመምታት ሌላ ነገር ሲያደርገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ዳግመኛ ብታፈስ ብለን የተረፈውን እንቁላል መሪጌታ ጭን ላይ አስቀመጥን። ምን አለ ባላስቀመጥን! ሞጣ መግቢያ ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዘለን ስንገባ... ቋ! የመሪጌታ ነጭ ጋቢ ቢጫ ሆነ።

ያም ሆኖ ከቀትር በፊት ደረስን። እንደ ደንቡ ደጃፍ ላይ ቆምን። ሽማግሌ ልመናው ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ «ተቀመጡ» ከተባለ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። አባትየው ግን «ተቀመጡ» በማለት ፋንታ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። መኪናችን ከኋላችን ሆና የተቀቀለ እንቁላል ትተነፍሳለች። ቀስ ብሎ ዓይናቸው ጋቢው ላይ አረፈ።

«መሪጌታ... በዐቢይ ጾም?»

«አልበላንም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ይማሉልኝ።»

«መሐላ ለእኔ አልተፈቀደም።»

አለቀልን! እኒህ ሰው አይምሉ፣ አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል፣ አባትየው በሩን ሊዘጉት እጀታውን ይዘዋል። መላኩ ቢቸና ላይ ሆኖ ሚስት ሲያጣ በዓይኔ አየሁት።

«ጌታዬ፣ ጾም የገደፈው ሌላ ነው። ይምጡ ላሳይዎት» አልኩ።

አጎቴ በክርኑ ጎሰመኝ። አልሰማሁትም። አባትየውን ይዤ መኪናዋ ጋ ሄድኩና ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የራዲያተሩን ክዳን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ ቀስ እያልኩ አስተነፈስኩት። እንፋሎቱ ሲያልፍ ነጭ ነጭ ቁራጭ ከላይ ይዋኛል። አባትየው ከአጥሩ ስንጥር ነቅለው አማሰሉት። ደግመው አማሰሉት።

«ለመሆኑ ጨው አድርጋችሁበታል?»

ከዚያ ሳቁ... ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። የየሺ እናትም ከውስጥ ወጥተው ራዲያተሩን አዩና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ቀጠሮ ላለማፍረስ እንዲህ የሆነ ቤተሰብ ልጄን መንገድ ላይ አይጥላትም» አሉ አባትየው፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ዘርግተው «በሉ ተቀመጡ!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን እስኪሰበስቡ እኔ ተቀምጫለሁ። በሞጣ ታሪክ ከሽማግሌ ሁሉ ቀድሞ የተቀመጠ ጢም አልባ እኔ ነኝ!

ለመላኩ ደወልኩና በሐዘን ድምፅ «ወንድሜ፣ ጠንከር በል...» አልኩት። ሲያለቅስ ትንሽ ሰምቼ፣ ጠግቤ፣ ከዚያ ነገርኩት። የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ጾም ነው።

ከሰዓት በኋላ ሞጣ ያለ በያጅ ራዲያተሩን አጥቦ ስንጥቋን አሳየኝ። የገብስ ቅንጣት ታህላለች።

«ይኼ ሁሉ ጉድ ለዚች ነው?» አለኝ።

ለዚች ነው።